ከኮረም መጠለያ እስከ ሰቆጣ ቃል ኪዳን፦ ምግብን እንደ ግቡ መምረጥ

የተጎዳ ሕፃን ምን ይመገብ ለሚለው ጥያቄ በሕክምና ታሪክ አንድ መልስ ብቻ ኖሮ አያውቅም። ነፍስ ለማቆየት፣ የወረደ ክብደት ለመመለስና መቀንጨርን ለመከላከል የሚመረጠው ምግብ ይለያያል። ዋግ ሕምራና አካባቢዋ ሦስቱንም አይተዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲስሊ ዊልያምስ በ1933 ከዛሬዋ ጋና ስለ ክዋሺዮርኮር ከጻፉ በኋላ፣ ዋናው ጉድለት የፕሮቲን ነው የሚለው እምነት ለአርባ ዓመታት ያህል ጸንቶ ቆየ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ያዘጋጀው ፋፋም የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው። ምግቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከሱቅ የሚገዛ በመሆኑ ጥሬ ገንዘብ ለሌለው የደጋ ገበሬ ሩቅ ነበር። በ1974 ዶናልድ ማክላረን በላንሴት መጽሔት የፕሮቲኑን እምነት አጥብቀው ተቹ።

በ1984 ርኃብ ያፈናቀለው ሕዝብ ኮረም ላይ ሲሰበሰብ ጥያቄው ሌላ ሆነ። እጅግ የተጎዳ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ፕሮቲንና ጉልበት ሰጪ ምግብ መሸከም አይችልም፤ ጉበቱ፣ ኩላሊቱና ልቡ ዝለዋል። በኋላ የተሠራው ኤፍ-75 ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 0.9 ግራም ገደማ ፕሮቲን ብቻ መያዙ ስስት አይደለም። 2.9 ግራም ገደማ የያዘው ኤፍ-100 የሚሰጠው ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ነው።

ይሁን እንጂ ወተቱ አልጋ፣ ንጹሕ ውኃና አስታማሚ ይጠይቃል። ከኒሯቅ ቆላ ሌሎች ልጆቿን ቤት ትታ ለሳምንታት ሆስፒታል የምትቀመጥ እናት ስንት ናት? በ1996 የተፈለሰፈው ፕላምፒ ነት ይህን ችግር አቃለለ። ባለ 92 ግራሙ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ውኃም አይሻም። በ2000 ሐዲያ ላይ በተመላላሽ ሕክምና የተገኘው ውጤት ለዓለም ጤና ድርጅትና ለአጋሮቹ የ2007 የጋራ መግለጫ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነበር።

በሐምሌ 2015 መንግሥት የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲያውጅ ግቡ እንደገና ተለወጠ፤ እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቀረት። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለዚህ ከረጢቱ መልስ አይሆንም። የእናቲቱ የእርግዝና አመጋገብ፣ ጡት፣ ከስድስት ወር በኋላ እንቁላልና የአበርገሌ ፍየል ወተት ያስፈልጋሉ። ፆም ሕፃናትን እንደማይመለከት እናቶች ያውቃሉ፤ ብዙዎች የሚሰጉት የቤቱ ድስት በቅባት እንዳይነካ ነው። እንቁላል ስጪው ብሎ የሚያሰናብት ባለሙያ ስለ ድስቱ ካልጠየቀ ምክሩ ከበር አያልፍም። ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስት ማስያዝና ቄሱን ማማከር ከብዙ ትምህርት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከ2020 በኋላ ጦርነቱ፣ በ2023ም ድርቁ አበርገሌን ወደ ነፍስ አድን ምግብ መለሱት። ያን ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ለአንዱ ሕፃን መድኃኒት የሆነው ከረጢት ለወንድሞቹ ይከፋፈላል፤ የታመመው ክብደት ሳይጨምር ይቀራል፤ መዝገቡ ላይም «ለሕክምናው ምላሽ ያልሰጠ» ተብሎ ይጻፋል።