የጡረተኛው ብር የት ይቀመጥ? ስለ ተቋማዊ የሪል ስቴት ኢንቨስትመንት ሥልጠና

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፡፡ የሚኖሩት በዋግ ኽምራ፣ የአበርገሌ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በኒሯቅ ነው፡፡ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ከብዙ የወረዳው ነዋሪ ጋር ወደ ሰቆጣ ተፈናቅለው ነበር፤ ተመልሰው ቤታቸውን አድሰዋል፡፡ ባለፈው ጊዜ ሰቆጣ ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥለው የጠየቁኝ ጥያቄ ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ፡፡

«አንተ በዚህ በሕንፃ ገንዘብ ነገር ተምረሃል አሉ፡፡ የቁጠባ ማኅበራችን ኒሯቅ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የንግድ ሕንፃ እንሥራ ይላል፡፡ ብሩ የድኻ ብር ነው፡፡ ያዋጣል?»

እኔ በአንድ የፋይናንስ ተቋም ውስጥ በንብረት ግምትና ኢንቨስትመንት ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፡፡ ሆኖም ወዲያው መመለስ አልቻልኩም፡፡ «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ወረቀት አወጣሁ፡፡ የወረቀቱን ይዘት ከማቅረቤ በፊት ግን ሙያው ራሱ ምን እንደሆነ መናገር ይኖርብኛል፤ በአገራችን ስሙ ገና ያልለመደ ሙያ ነውና፡፡

ሰው ለራሱ ቤት ሲሠራ ወይም ነጋዴ በራሱ ትርፍ ፎቅ ሲያቆም ያ የግል ውሳኔ ነው፤ ቢከስርም የከሰረው እሱ ነው፡፡ ተቋማዊ የሪል ስቴት ኢንቨስትመንት የሚባለው የሌሎችን ገንዘብ በአደራ የያዘ ድርጅት፣ ማለትም የጡረታ ፈንድ፣ የመድን ድርጅት፣ የቁጠባ ማኅበር ወይም የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ገቢ ለማግኘት በሕንፃ ላይ የሚያውለው ገንዘብ ነው፡፡ ልዩነቱ በሕንፃው ትልቅነት አይደለም፡፡ ገንዘቡ የሚመለስበት ቀን አለው፤ ባለቤቱም ስብሰባው ላይ የለም፡፡

በውጭው ዓለም ሙያው ራሱን ችሎ የቆመ ነው፡፡ በለንደን የሚገኘው የሮያል ቻርተርድ ሰርቬየሮች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተ ሲሆን፣ አባል ለመሆን ከትምህርቱ በተጨማሪ በሥራ ላይ የተመዘነ ልምምድ ይጠይቃል፡፡ በአውሮፓ ገበያ ላይ ያልተመዘገቡ የሪል ስቴት ፈንዶች ኢንቨስተሮችን የሚያሰባስበው ኢንሬቭ የተባለው ማኅበርም ለፈንድ አስተዳዳሪዎች አጫጭር ኮርሶች ይሰጣል፡፡ የሲኤፍኤ ፈተናም ሪል ስቴትን ከአክሲዮንና ከቦንድ ውጪ ካሉት የሀብት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ያስተምራል፡፡ አሜሪካ የሪል ስቴት ኢንቨስትመንት ትረስትን በሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፡፡

ወደ እኛ ስንመለስ ታሪኩ በተቃራኒው ይጀምራል፡፡ የአገራችን ትልቁ ተቋማዊ የቤት አከራይ በኢንቨስትመንት ሳይሆን በአዋጅ የተፈጠረ ነው፡፡ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፡፡ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ፡፡ የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ በ2009 ዓ.ም. በደንብ የተቋቋመው፣ የዚያ ወራሽ ነው፡፡ ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ፣ የሲሚንቶውና የቆርቆሮው ዋጋ ግን እየናረ፣ ቤቶቹ ምን እንደሆኑ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ቤት ያለው ሁሉ ኢንቨስተር አይደለም የምለው ለዚህ ነው፡፡

የጡረታው ገንዘብ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ፡፡ አጎቴ በማስተማር ዘመናቸው ከደመወዛቸው 4 ከመቶ፣ የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 714 ከወጣ በኋላ እስከ 7 ከመቶ እየተቆረጠባቸው ከፍለዋል፤ አሠሪያቸው መንግሥትም ድርሻውን ጨምሯል፡፡ ይህ ገንዘብ በአመዛኙ የተቀመጠው በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲሆን፣ የሰነዱ ጨረታ በ2012 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መካሄድ እስኪጀምር ድረስ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በብዙ ያንስ ነበር፡፡ የተቆረጠው ብር ቁጥሩ ሳይጎድል አቅሙ ጎደለ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ፈንዶች ወደ ሕንፃ ቢያዩ አይፈረድባቸውም፤ ኪራይ ከዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል ተብሎ ይታሰባልና፡፡ ጥያቄው የሚያየው ዓይን ሠልጥኗል ወይ የሚለው ነው፡፡

የኒሯቅ ወረቀት

ለአጎቴ የሠራሁት ስሌት ሙያው የሚያስተምረውን ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ ስለሚያሳይ እንዳለ አቀርበዋለሁ፡፡ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፡፡

ሕንፃው 20 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል፡፡ ክፍሎቹ በሙሉ ቢከራዩ በዓመት 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ያስገባሉ፡፡ የማኅበሩ ሰዎች እዚህ ላይ አቁመው «12 ከመቶ ነው፣ ከባንክ ይሻላል» ብለው ነበር፡፡ የሠለጠነ ሰው ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ አንድ አምስተኛው ክፍል ሳይከራይ ቢቆይ ገቢው 1 ሚሊዮን 920 ሺህ ይሆናል፡፡ ለጥበቃ፣ ለጥገና፣ ለመድን፣ ለግብርና ኪራይ ለሚሰበስበው ሰው 600 ሺህ ይውጣ፡፡ የቀረው 1 ሚሊዮን 320 ሺህ፣ ማለትም 6 ነጥብ 6 ከመቶ ነው፡፡ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ ማድረጉን ስናስታውስ፣ ያው 20 ሚሊዮን ብር ያለ አንድ ብሎኬት 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ያስገኝ ነበር፡፡

አጎቴ ወረቀቱን አይተው «እና ሕንፃው ዋጋው አይጨምርም?» አሉኝ፡፡ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የብዙ ባለሀብት ተስፋም በዚያ ላይ ነው፡፡ ዋጋ የሚባለው ግን ገዢ ሲኖር ነው፡፡ የንብረት ገማች ሦስት መንገዶች አሉት፤ ተመሳሳይ ንብረት በቅርቡ ስንት እንደተሸጠ ማየት፣ ንብረቱ ወደፊት የሚያስገባውን ገቢ በዛሬ ዋጋ መመንዘር፣ ወይም ሕንፃው አሁን ቢሠራ ስንት እንደሚያስወጣ ማስላት፡፡ ኒሯቅ ላይ ተመሳሳይ ሕንፃ ሲሸጥ አላየንም፣ የኪራይ ታሪክም የለንም፡፡ የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው፡፡ እሱ ደግሞ የሚነግረን ስንት እንዳወጣን እንጂ ስንት እንደሚያወጣልን አይደለም፡፡ በአዲስ አበባም ቢሆን እውነተኛው የሽያጭ ዋጋ ከውሉ ላይ ከሚጻፈው ጋር ስለማይገጥም ገማቹ ብዙ ጊዜ በጆሮው ነው የሚሠራው፡፡

ገቢን በዛሬ ዋጋ መመንዘር የሚለው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኝ አንድ ሚሊዮን ብር፣ በዓመት 15 ከመቶ ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ዛሬ ያለው ዋጋ ወደ 247 ሺህ ብር ብቻ ነው፡፡ ግንባታ ሲጓተት የሚደርሰውም ጉዳት በዚሁ ይለካል፡፡ 20 ሚሊዮኑ ወጥቶ አልቆ ሕንፃው ሦስት ዓመት ቢዘገይ፣ በ7 ከመቶ እንኳ ሲሰላ ያመለጠው ገቢ ከአራት ሚሊዮን ተኩል ብር ይበልጣል፡፡ በየከተማችን አጽማቸው ቆሞ የሚታዩትን ሕንፃዎች በዚህ ዓይን መቁጠር የጀመርኩ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር!

የያዝነው ምንድነው?

ከውጭ መጥቶ የሚሰጥ ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፡፡ እኔ የተካፈልኩበት አንድ ኮርስ የመሬት ዋጋን የንብረቱ ዋና አካል አድርጎ ነበር የጀመረው፡፡ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም፡፡ ኢንቨስተሩ የሚይዘው ሕንፃውንና ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብትን ነው፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲፈቅድ፣ ለንግድ በአዲስ አበባ 60፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ነው፡፡ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ መብቱን ማስተላለፍም ገደብ አለበት፡፡ ስለዚህ ፈንዱ የሚገዛው እያጠረ የሚሄድ ሻማ ነው፤ የቀረው ዘመን በየዓመቱ በሒሳቡ መታየት አለበት፡፡

ሕጉም በየጊዜው እየተለወጠ ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን መንግሥት በሚወስነው ልክ አደረገው፡፡ በ2017 ዓ.ም. ብቻ የንብረት ታክስ አዋጅ፣ የሪል ስቴት ልማትና ግብይት እንዲሁም የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ አዋጅ፣ የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበት አዋጅ ጸድቀዋል፡፡ እያንዳንዱ ከላይ ባስቀመጥኩት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይነካል፡፡ የኪራይ ጣሪያው ገቢውን፣ ታክሱ ወጪውን፣ የውጭ ገዢ መምጣት (ቢያንስ ለአዲስ አበባ) የመሸጫ ዋጋውን፡፡

በአገር ውስጥ ትምህርት የለም ማለት አይደለም፡፡ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ከመሬት አስተዳደርና ቅየሳ ሌላ የንብረት ግምትንም ያስተምራል፡፡ ሆኖም ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከሁለት አንዱን ነው የሚገምተው፤ ወይ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ለልማት ለሚነሳ ሰው ካሳ፣ ወይ ለባንክ መያዣ፡፡ የካሳ ግምት ያለፈውን ይተካል፣ የመያዣ ግምት ተበዳሪው ባይከፍል ምን ይሸጣል ይላል፡፡ ይህ ንብረት በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ለጡረተኛው ምን ይከፍላል የሚለውን የሚጠይቅ ሦስተኛ ወንበር አልተዘጋጀም፡፡ የሒሳብ ባለሙያው ስለ ሕንፃ፣ መሐንዲሱ ስለ ገንዘብ፣ የሕግ ሰው ስለ ሁለቱም ሳይማሩ አንድ ኮሚቴ ላይ ይቀመጣሉ፡፡

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው የሪል ስቴት ፈንድ አክሲዮን ሊገዛ ጓጉቶ ነበር፡፡ ጉጉቱን አልነቅፍም፤ ለአጎቴ ማኅበርም ቢሆን አንድ ሕንፃ ከመያዝ በብዙ ሕንፃዎች ላይ ትንሽ ትንሽ ድርሻ መያዝ ይሻላል፡፡ የጎረቤታችንን ኬንያን ታሪክ ግን ማንበብ ይገባል፡፡ የመጀመሪያው የኬንያ ትረስት እ.ኤ.አ. በ2015 በናይሮቢ ገበያ ድርሻውን በ20 ሽልንግ ሸጦ ገባ፤ ዋጋው በኋላ ከዚያ እጅግ ወረደ፣ በ2024ም ከዋናው ገበያ ወጣ፡፡ ሕንፃዎቹ አልፈረሱም፤ ኪራይም ነበራቸው፡፡ ገዢ ነበር የጠፋው፡፡ እዚያው ናይሮቢ ከ2021 ጀምሮ ለተማሪዎች ማደሪያ ብቻ የሚሠራ ሌላ ትረስት ተቋቁሟል፤ ተከራዩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሕንፃ ማለት ነው፡፡ የኬንያ የጡረታ ደንብም አንድ ፈንድ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ከ30 ከመቶ በላይ እንዳያውል ይከለክላል፡፡

ስለ ጥቅም ግጭት ሥልጠናዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይመድቡለታል፡፡ ለእኔ ግማሹ ትምህርት እሱ ነበር፡፡ ቦታውን የሚሸጠው የኮሚቴው አባል አማች ከሆነ፣ ገማቹ የሚከፈለው ከሻጩ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ ጌጥ ነው፡፡ በእኛ አገር ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው ዘመድ ስለሆነ የግድ ዝምድናን መሰረዝ አይቻልም፤ በቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈርና ያንን ቀን ድምፅ አለመስጠት ግን ይቻላል፡፡

አጎቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው አስገቡት፡፡ በጠቅላላ ጉባኤ እንዳቀረቡትም ሰማሁ፡፡ ማኅበሩ ባለ ሁለት ፎቁን አቆይቶ፣ አስቀድመው ቃል የገቡ ተከራዮች ያሏቸውን ጥቂት ምድር ቤት ሱቆች ለመሥራት ወሰነ፤ ከእነሱም አንዱ የአበርገሌን ፍየል ወደ ሰቆጣ የሚወስድ ነጋዴ ነው፡፡ የማኅበሩን ሒሳብ የምትይዘው ልጅም የንብረት ግምት ኮርስ ጀምራለች፡፡ ባለፈው ሳምንት ደውላ «ጋሼ፣ አንድ አምስተኛው ሳይከራይ ይቆያል ያሉት ከየት አምጥተውት ነው?» አለችኝ፡፡ ከልምድ የወሰድኩት ግምት እንደሆነ ነገርኳት፡፡ ሰቆጣ ስትገቢ የንግድ ሕንፃዎቹን የተዘጉና የተከፈቱ በሮች ለየብቻ ቁጠሪ፣ በየሦስት ወሩም ድገሚው አልኳት፡፡ ደብተር ገዝቻለሁ ብላለች፡፡