ቆዳ በቦሌ ከፍታ፦ የሃዋርድ ግሪን ውርስ ከአዲስ አበባ ሲታይ

የሕዋስ ተመራማሪው ሃዋርድ ግሪን ቆዳ አበቅላለሁ ብሎ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1963 ከጆርጅ ቶዳሮ ጋር ከአይጥ ጽንስ ያወጣው 3ቲ3 የተባለ የሕዋስ ዘር ለዕጢ ጥናት የታሰበ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በኤም.አይ.ቲ. ከተማሪው ከጄምስ ራይንዋልድ ጋር የአይጥ ዕጢ ሕዋስ ሲያራቡ፣ በሳህኑ ላይ ማንም ያልዘራው የቆዳ ሕዋስ በቀለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳህኑን ይደፋው ነበር። እነሱ ግን ተከታተሉት፤ በ1975 የሰው ኬራቲኖሳይት (የላይኛው ቆዳ ሕዋስ) ደጋግሞ የሚራባበትን መንገድ አሳተሙ። ምስጢሩ ጉርብትና ነው። መራባታቸው በጨረር የታገደ 3ቲ3 ሕዋሶች ከሥር ይነጠፋሉ፤ ኬራቲኖሳይቱን ይደግፉታል፣ ቦታ የሚሻማውን ፋይብሮብላስትም (የውስጠኛው ቆዳ ሕዋስ) ያፍኑለታል። በ1978 ግሪን የኮሌራ መርዝ በጥቂቱ ሲጨመር የቆዳ ሕዋስ ይበልጥ እንደሚራባ አሳየ፤ አገር የፈጀ መርዝ ለቆዳ ማዳበሪያ ሆነ።

የሥራው ፈተና በ1983 መጣ። ሰውነታቸው ከ95 በመቶ በላይ የተቃጠለ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ለሕክምና ቦስተን ገቡ። ከብብታቸው ከተወሰደች ቁራጭ ቆዳ ያደገው ስስ ሽፋን ግማሽ ያህል ሰውነታቸውን አለበሰ፤ ሁለቱም ተረፉ። ይሁን እንጂ ይህ ሽፋን የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው። ጠጉር የለውም፣ አያልብም፣ ሥር የሚሆነው የውስጠኛው ቆዳ ስለሌለው በቀላሉ ይላጣል። ይህን ሳይጠቅሱ ተአምሩን ብቻ የሚያወሩ ጽሑፎች አንባቢን ያሳስታሉ።

እኛ ዘንድ ቃጠሎ የማጀት ጉዳት ነው፦ የፈላ ውኃ፣ ምድጃ፣ የሚጥል ሕመም ይዞት እሳት ላይ የወደቀ ሰው። በየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል የሚታከሙት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው። ከራስ ሕዋስ የሚያድግ ቆዳ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም፤ ውጭ አሳድጎ በቦሌ ጭነት ተርሚናል በኩል ለማስገባት ደግሞ ሽፋኑ ከታሸገ በኋላ ያለው ዕድሜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

እዚሁ እናሳድገው ካልን አየሩ ራሱ ይቃወመናል። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭው መመሪያ ኢንኩቤተሩን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አድርጉት ይላል። እዚህ ያው 5 በመቶ የባሕር ዳርቻውን 3.8 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። የሕዋሱ ምግብ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ፒኤቹ በ0.12 ገደማ ይወጣል፣ ቀይ የነበረው ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ተማሪው «ሕዋሱ አልያዘም» ብሎ ሴረሙን ይወቅሳል። መፍትሔው ቁጥሩን ወደ 6.7 ከፍ ማድረግ ነው። መመሪያ ሲቀዳ ከፍታው ስለማይቀዳ እንጂ ነገሩ የሁለት መስመር ስሌት ነበር።

ለዚህ አርአያ የምትሆነን ከቦስተን ይልቅ ሜክሲኮ ሲቲ ናት፤ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው። የግሪን የቀድሞ ባልደረባ ዋሊድ ኩሪ-ሀርኩች ከሌላ ሰው ሕዋስ ያደገ ሽፋን በቅዝቃዜ ተቀምጦ በተፈለገ ጊዜ ለሕሙማን የሚውልበትን መንገድ እዚያ ዘርግቷል። ሽፋኑ ለዘለቄታው አይቆይም። ሕያው ፋሻ ነው፤ የሕመምተኛው የራሱ ቆዳ ከጠርዝና ከጠጉር ሥር እስኪሞላ ቁስሉን ያነቃቃል። ጠልቆ ላልገባ ቃጠሎ ይህ ይበቃል። ሕዋስ ማራባቱም ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከቦሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ቢሾፍቱ ላይ የከብት ክትባት በሕዋስ ላይ ሲመረት ዓመታት አልፈዋል።

የዘሩ ምንጭም ቅርብ ነው። የሜክሲኮው ሽፋን የሚጀምረው ከሕፃናት ግርዛት ከሚወጣ ቆዳ ነው። እኛ ዘንድ በኦርቶዶክስ ልማድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ የተቆረጠችው ይጣላል። ከመጣሏ በፊት እናትየዋን ማስፈቀድ፣ ደሟን ለኤችአይቪና ለጉበት ቫይረስ መመርመር፣ የተቆረጠችውን ቆዳ ጀርም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ በበረዶ ይዞ በዕለቱ ላቦራቶሪ ማድረስ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ከገርጂ እስከ ስድስት ኪሎ ከሆነ ደግሞ የመገናኛን የመኪና መጨናነቅ ችሎ።