ከድሬሰር እስከ ሰመመን ሰጪ፦ ጦርነት፣ ነርስነትና የአገልግሎት ውል ከስሜን ግርጌ ሲታዩ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በየዓመቱ ወደ ቢሮዬ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከዳባት፣ ከደባርቅና ከአካባቢው የመጡ የነርስነት ምሩቃን የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ የሚያመለክቱት ለሲቪል ዩኒቨርሲቲ የሰመመን ትምህርት ነው፤ ሌሎቹ ሠራዊቱ ለሚሰጠው የጤና ሥልጠና ነው፤ ጥቂቶች ደግሞ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው የነገሯቸውን የአሜሪካን ጦር የነርስ ሰመመን ሰጪዎች መርሐ ግብር ያነሡብኛል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ መድኃኒት መጠን የምመክረው ነገር የለኝም። ይሁን እንጂ አመልካቹ ሊፈርመው የተዘጋጀው ውል ታሪክ አለው፤ ያንን ታሪክ ሳያውቁ መፈረም ደግሞ የሌላ ሰውን የተልእኮ ደብዳቤ ሳያነቡ እንደ መሸከም ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው። ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ በኤተር ሰመመን ቀዶ ሕክምና ሊደረግ እንደሚችል በአደባባይ አሳየ። ከዚያ በኋላ ለነበሩት አሥርት ዓመታት ኤተሩን የሚያንጠባጥበው ሰው ማን መሆን እንዳለበት በቅጡ የተወሰነ አልነበረም። ቀዳጁ ዓይኑ በቢላዋው ላይ ነው፤ ጭንብሉን የያዘው ጀማሪ ሐኪምም ዓይኑ እዚያው ቢላዋ ላይ ነበር፤ መማር የፈለገው ቀዶ ጥገናውን ነበርና። በሽተኛው ትንፋሽ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ነርሶች ወደዚህ ወንበር የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አሊስ ማጎው የተባለች የሜዮ ክሊኒክ ነርስ ከ14,000 በላይ ሰመመኖችን በማደንዘዣው ምክንያት አንድም ሰው ሳይሞትባት መስጠቷን ጽፋ አሳተመች። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስደንቅ ውጤት ነበር።

ወደ ጦር ሜዳ ያወጣቸው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጆርጅ ክራይል የተባለው ቀዳጅ እ.ኤ.አ. በ1914 መጨረሻ ከክሊቭላንድ ወደ ፓሪስ አጠገብ ወደነበረው የአሜሪካ ሆስፒታል ሲሄድ አጋታ ሆጅንስ የተባለችውን ነርስ ሰመመን ሰጪ ይዟት ሄደ። እርሷም የናይትረስ ኦክሳይድንና የኦክስጅንን አሰጣጥ ለሌሎች አሳየች፤ ተመልሳም በ1915 በክሊቭላንድ የሰመመን ትምህርት ቤት ከፈተች። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ በ1917 ወደ ፈረንሳይ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጦር ክፍሎች አንዱ ይኸው የክሊቭላንድ ሆስፒታል ቡድን ነበር።

ትኩረት እንድትሰጡበት የምፈልገው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። የእንግሊዝ ጦርም በ1918 ሐኪም ሲያጥረው ነርሶቹን ለሰመመን አሠለጠነ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን በሩን መልሶ ዘጋው። ሥራው ለሐኪሞች ብቻ ሆነ፤ ሠልጥነው የነበሩት ሴቶችም ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። በአሜሪካ ግን ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተሟገተ። የኬንታኪ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1917፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1936፣ ነርሷ በቀዳጁ መሪነት ሰመመን መስጠቷ ያለ ፈቃድ ሕክምና መሥራት እንዳልሆነ ወሰኑ። ሁለቱም አገሮች ያው ጦርነት ነበረባቸው፤ ሁለቱም ያው የሰው እጥረት ነበረባቸው። የተለያዩት ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው ክርክር ነው። ስለዚህ ጦርነት ሙያውን ፈጠረው ሲባል ስሰማ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ጦርነት በሩን ይከፍታል፤ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሕግ፣ ትምህርት ቤትና ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ቁስለኞችን አከመ፤ ሥራውም በአዲስ አበባ ወደ ቋሚ ሆስፒታልነት ተለወጠ። ያ እርዳታ መሐል አገር ላይ ቀረ እንጂ ወደ ስሜንና ወገራ አልተሻገረም። እዚህ አጥንት የሚያቀናው ወጌሻ ነበር፤ ሰመመኑም የዘመድ ክንድ ነበር፤ ማለትም በሽተኛውን አጥብቀው የሚይዙ ብርቱ ሰዎች።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ክረምት ሲመሠረት ጦርነቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከውጭ የመጡት የሕክምና ቡድኖች አብዛኞቹ በደሴ መስመርና በደቡብ ግንባር ተሰማሩ፤ የስዊድኑ ቡድን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች መደብደቡን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ወር የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ተዋጋ። ደጃዝማች አያሌው የዚህ አገር፣ የስሜንና የወገራ ገዥ ነበሩ፤ ስለዚህ ከዘማቾቹ ብዙዎቹ የእናንተ ቅድመ አያቶች ናቸው። ካርታውን ዘርግታችሁ ተመልከቱት። የቆሰለ ሰው ከተከዜ ሸለቆ ወደ ቤቱ ለመመለስ የስሜንን ገደል መውጣት ነበረበት። በቃሬዛና በበቅሎ የቀናት መንገድ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ስለ ኤተር ማውራት ቅንጦት ነው።

ከነፃነት በኋላ ስላለው ዘመን ስናገር አንዲት ነርስ ሳላነሣ አላልፍም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመረቀች፤ ወደ አገሯ ተመልሳም በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ አረፈች። በስሟ የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ከአብዮቱ በኋላ ያ ሆስፒታል የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ፤ ሰፈሩን ዛሬ የምንጠራውም በዚሁ ስም ነው። በሲቪል ነርስ ስም የተሠራ ቤት ለወታደሩ መሰጠቱን አንዳንዶች እንደ ቅርስ መነጠቅ ያዩታል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ በአገራችን የሲቪልና የወታደር ሕክምና ድንበር ከመጀመሪያው ቀጭን እንደነበረ ነው። በሠራዊቱ ውስጥም በገጠር ክሊኒክም ለረጅም ጊዜ ሥራውን የተሸከመው ድሬሰሩ ነበር። ቁስል አጥቦ የሚያስር፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም የሚባል ሰው ነው። በስሙ የተሰየመ ሆስፒታል አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ረዱት። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሐኪም እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም። እዚህ ላይ ግን «እስኪ» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። የጤና መኮንኑ ከመጀመሪያው በብዙዎች ዘንድ እንደ ጊዜያዊ ሰው ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ በላይፕሲግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሐኪሞች ትምህርት ቤት ሲሆን የጤና መኮንኖቹ ሥልጠና ቆመ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን እንደገና ተጀመረ። ጊዜያዊ የተባለው ሙያ ተዘግቶ ተመልሶ ተከፈተ። በሰመመን መስክም ያው መንገድ ተደገመ፤ ሐኪም የሆኑት የሰመመን ስፔሻሊስቶች በጣም ጥቂት ስለነበሩ የአገሪቱን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያቆሙት ነርሶችና ከነርስነት ወጥተው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት የጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሲያሠለጥን፣ ሰመመን ሰጪ በሌለበት ወረዳ የሠለጠነ ቀዳጅ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ በግልጽ ታየ። ያን ጊዜ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ዋጋ የታወቀው።

ስለ መድኃኒቱም አንድ ነገር ልበል፤ ታሪኩ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነውና። ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠራ፤ በ1970 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ቬትናም ውስጥ ለቁስለኞች ዋለ። ትንፋሽን ብዙ አያፍንም፤ የደም ግፊትንም ብዙውን ጊዜ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ መብራትና የታመቀ ጋዝ በሌለበትም ይሠራል። በዚህም ምክንያት እንደኛ ባለ አገር የገጠር ሆስፒታል ምሰሶ ሆነ። ይሁን እንጂ ቀላል መሆኑ ሰዎችን ያሳስታል። የመድኃኒቱ ቀላልነት የሠልጣኙን ዘመን ለማሳጠር እንደ ምክንያት ሲቀርብ ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። ጥሩ ሰመመን ሰጪ የሚታወቀው መድኃኒቱ እንደታሰበው ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ከፍታውን አስቡት። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች። በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 540 ገደማ ይወርዳል። አንድ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በአካባቢው አየር ላይ ኤተር ወይም ሃሎቴን ቀላቅሎ የሚሰጥ መሣሪያ ተጨማሪ ኦክስጅን ካላገኘ፣ ቆላ ላይ የሚበቃው ደባርቅ ላይ አይበቃም። ናይትረስ ኦክሳይድም ኃይሉ ይቀንሳል። ደም የፈሰሰው ሰው ከዛሪማ ቆላ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ፣ ደሙ ባነሰበት ሰዓት አየሩም እያነሰበት ይመጣል። በዝቅተኛ ቦታ የሠለጠነ ባለሙያ ይህን በመጽሐፍ ያውቀዋል፤ የዳባት ልጅ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በሳንባው ያውቀዋል። የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ ይህን ነጥብ አስገባለሁ። ተቀባዩ ምን እንደሚያደርግበት ግን እርሱ ያውቃል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ደረሰ። ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ቁስለኞች ወደ ጎንደር ተወሰዱ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ሳምንት የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ አላብራራውም። የማነሣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ወታደሩንና ገበሬውን የሚያክመው ያው ጠረጴዛ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን የማን ተቀጣሪ እንደሆነ ውሉ ወስኖታል። የሠራዊቱ ነርስ ክፍሉ ወደ ታዘዘበት ይሄዳል። የሲቪሉ ነርስ ደግሞ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ ወይም ሲፈናቀል ሥራ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ማመልከቻው እንመለስ። የአሜሪካው መርሐ ግብር አመልካቹን የነርስነት ዲግሪ፣ የጸና የሙያ ፈቃድና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተገኘ ልምድ ይጠይቀዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዚያ አገር ወደዚህ ሙያ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚማረው በዶክትሬት ደረጃ ነው። ጦሩ የትምህርቱን ወጪ ይችላል፤ ደመወዝም ይከፍላል፤ በምላሹ ተመራቂው መኮንን ሆኖ ለዓመታት ያገለግላል። ይህ ዓይነቱ ውል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወጪ መጋራት ሥርዓት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ከመምጣቱ በፊትም የጤና ባለሙያ ወደ ተመደበበት ወረዳ ሄዶ ማገልገሉ የታወቀ ነበር። ልዩነቱ ያለው ግዴታው ለማን ነው በሚለው ላይ ነው። የጎንደር የጤና መኮንን ግዴታ ለአንድ ቦታ ነበር፤ ለቆላ ድባ፣ ለዳባት፣ ለአንድ የታወቀ ሕዝብ። የሠራዊቱ ሠልጣኝ ግዴታ ለአንድ ተቋም ነው፤ ቦታው ይለዋወጣል። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት ግን በኋላ ቅሬታን ይወልዳል፤ «አገሬን ላገለግል ብዬ ገባሁ» የሚል ወጣት አገር ሲል ዳባትን ማለቱ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ያለው አገር ግን ሰፊ ነው።

ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «መምህር፣ ታዲያ ልፈርም ወይስ አልፈርም?» ይሉኛል። እኔ ሦስት ነገር እንዲያነቡ አዛቸዋለሁ። የአገልግሎቱ ዓመት የሚቆጠረው ከምረቃ ቀን ነው ወይስ ከሙያ ፈቃድ ቀን? ሥልጠናውን ያቋረጠ ሰው የሚመልሰው ምንድን ነው? ከሠራዊቱ ሲወጡ የሚያዙት ምስክር ወረቀት በሲቪል ሆስፒታል ያለ ተጨማሪ ፈተና ይሠራል ወይ? የእንግሊዝ ነርሶች በ1918 ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቁበት ውል አልነበራቸውም።

ቀሪውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።