ዐመሏን ያልረሳችው

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ሰው በሰው ላይ ሲተርተው እየሰማሁ አደግሁ እንጂ ስለ ድመቷ ስለ ራሷ አስቤ አላውቅም ነበር። ምን ነበር ያ ዐመሏ? ከማንስ ወረሰችው? ይህን እንድጠይቅ ያስገደደችኝ ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖራ፣ በመጨረሻ በገዛ እጄ ለባዕድ አሳልፌ የሰጠኋት አንዲት ግራጫ ድመት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የሐምሌ ምሽት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከአጥራችን ሥር ካለው ቦይ የድመት ልቅሶ ሰማሁ። ወጥቼ ባነሣት የመጀመሪያ ሰላምታዋ አውራ ጣቴን መንከስ ሆነ። ሦስት ወር ገደማ ቢሆናት ነው። አድርቀን፣ አብልተን፣ «እቴጌ» ብለን ስም አወጣንላት። ስሙን ለቀልድ አወጣነው፤ እርሷ ግን የምር ያዘችው። የመረጠችው ወንበር ላይ እንግዳ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ ቢዳብሷት ትታገሣለች፤ ሁለተኛው ጥፍር ያስመዝዛል። የጎረቤት ልጆች ደጃችንን ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እኔም «ዛሬ ትለምዳለች፣ ነገ ትለምዳለች» እያልሁ እጄ ጠባሳ በጠባሳ ሆነ።

የእኔን እጅ ቻልሁት። እናቴ ግን የስኳር ሕመም አለባት። በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ቡና ልታፈላ ስትነሣ ሳታያት ጅራቷን ረገጠችባት፤ እቴጌም እግሯን ቧጨረቻት። ለሌላ ሰው በሳምንት የሚደርቅ ጭረት ለእናቴ ሁለት ወር ፈጀ። ሐኪሙ ቁስሉን እያጠበ «የስኳር ሕመም ላለበት ሰው የእግር ቁስል ቀላል ነገር አይደለም» አለኝ። እናቴ ማታ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ወይ እኔን ወይ እርሷን አልልህም። አንተው ፍረድ። ብቻ ጎዳና ላይ እንዳትጥላት፤ የነፍስ ነገር ነው።»

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ቢነሣኝ ስለ ድመት ዘር ማንበብ ያዝሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዣን ዴኒ ቪኝ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በቆጵሮስ ደሴት፣ ሺሉሮካምቦስ በሚባል ስፍራ፣ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቈጠረ መቃብር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከሟቹ አጽም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ የአንዲት የ8 ወር ገደማ ድመት አጽም ተጋድሞ ነበር። በደሴቲቱ የዱር ድመት አልነበረምና አንድ ሰው በጀልባ አሳፍሮ ባሕር አሻግሯታል ማለት ነው። እስኪሻገሩ ስንቱን ቧጭራ ይሆን!

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ የቤት ድመት ሁሉ በአፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት መውረዱን አሳየ። ይህ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን አለ። በየትኛው ምድር ቀድሞ ለመደ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ እንዴት ለመደ የሚለው ግን ብዙዎችን ያስማማል። ሰው ማረስ ሲጀምር እህል አከማቸ፤ እህሉ አይጥ ጠራ፤ አይጡ ድመት ጠራ። ውሻ የመንጋ እንስሳ ነውና አለቃ ያውቃል፤ የድመት አያት ግን ብቻዋን አድና ብቻዋን የምትበላ ነበረች። ስለዚህ ማንም አላስገበራትም። ለጎተራው ብላ መጣች፤ ሰውም ለጎተራው ብሎ ዝም አላት። ውሉ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ሰው በውሉ አልጸናም። ግብፃውያን ባስቴት የተባለችውን አምላካቸውን በድመት መልክ ሣሉ። በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው ሄሮዶቱስ፣ በአንድ ቤት ድመት በራሷ ሞት ስትሞት ቤተ ሰቡ ሁሉ ቅንድቡን ይላጭ እንደ ነበር፣ ሬሳዋም ወደ ቡባስቲስ ከተማ ተወስዶ በመድኃኒት ተቀብቶ ይቀበር እንደ ነበር ጽፏል። የሲሲሊው ዲዮዶረስ ደግሞ በ60 ቅ.ል.ክ. ገደማ ግብፅን ሲጎበኝ ያየውን ይነግረናል፦ አንድ ሮማዊ ሳያስብ ድመት ገደለ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ጎረፈ፤ የንጉሡ ሹማምንት ልመናም ሆነ የሮማ ፍርሃት ሊያድነው አልቻለም።

ይህን ሳነብ «ወይ ክብር!» አልሁ። ቀጥዬ ያነበብሁት ግን አንገቴን አስደፋኝ። በዘመናችን በድርቀው ከተገኙት የድመት ሬሳዎች ብዙዎቹ በራጅ ሲታዩ ገና ሳያድጉ አንገታቸው የተሰበረ ሆኖ ተገኘ፤ ለምእመናን ስለት እንዲሸጡ የተገደሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ ከግብፅ ምድር ተቈፍረው የወጡ 19 ቶን ያህል የድመት ሬሳዎች፣ በግምት 180,000 ድመቶች፣ በመርከብ ተጭነው ሊቨርፑል ገቡ፤ በጨረታ ተሸጠው ለእርሻ ማዳበሪያ ተፈጩ።

አንድ ጊዜ አምላክ፣ አንድ ጊዜ ማዳበሪያ! በሁለቱም ዘመን «ድመት ለራሷ ምንድን ናት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔስ ብሆን? እቴጌ ብዬ ሰየምኋት፤ እንደ እቴጌ ብትሆን ተቀየምኋት። የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች የድመት ግልገል ሰውን የምትለምደው በተለይ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ሆነ ይናገራሉ። እኔ ከቦይ ሳወጣት ያ በር ተዘግቶ ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ውለታ ቢስ ስላት የነበረው ያልተማረችውን ፊደል ቍጠሪ እያልሁ ነበር።

ያን ጊዜ ፍርዴ ቀለለኝ። በመርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ የእናቴ የጥንት ደንበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት እህል ነጋዴ አሉ። ሄጄ ጉዳዩን ነገርኋቸው፤ ነውሯንም አልደበቅሁም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ትናከሳለች» አልኋቸው።

«ታዲያ የማትናከስ ድመት ምን ትሠራልኛለች፣ ልጄ?» ብለው ሳቁ።

በካርቶን አድርጌ፣ ክዳኑን በሲባጎ አስሬ፣ በታክሲ ወሰድኋት። መንገዱን ሁሉ ስትጮኽ ተሳፋሪው ዞር እያለ ያየኝ ነበር፤ እኔም ወንጀል እንደ ሠራ ሰው አቀርቅሬ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስፈታት ወደ እኔ አላየችም። አፍንጫዋን አነሣች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ በጆንያዎቹ መካከል ገብታ ጠፋች። እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብትል ደስ ባለኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ልጠይቃት ሄድሁ። በጤፍ ጆንያዎች ክምር አናት ላይ ተጋድማ ነበር፤ ጠጕሯ አምሯል፣ ወፍራለች። ሠራተኞቹ ከእርሷ ራቅ ብለው ያልፋሉ፤ ማንም ሊዳብሳት አይሞክርም፤ እርሷም ማንንም አትነካም። አዛውንቱ «ከመጣች ወዲህ የተበሳ ጆንያ አላየሁም» አሉኝ። በስሟ ጠራኋት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ መልሳ ጨፈነች።

የእናቴ እግር ድኗል። ያ ወንበር ግን አሁንም ከምድጃው አጠገብ አለ፤ እናቴም ከመቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ ታያለች።