ኮምፒውተርን ፊደል ያስቆጠረችው ሴት



ባዮሎጂ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሽምደዳ ነው። የሕዋስ ክፍሎችን ስም በቃል መያዝ፣ ሥዕል መሳል፣ ፈተና ላይ ዘርግፎ መውጣት። «ሂሳብ የፈራ ባዮሎጂ ይማር» የሚል ቀልድም አናጣም። ዛሬ የምናጫውታችሁ ታሪክ ግን ይህን ቀልድ ውድቅ የሚያደርግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከኢንሱሊን ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ዓመታት ከፈጀ ልፋት በኋላ በ1955 የኢንሱሊንን 51 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ለይቶ ጨረሰ፤ በ1958ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ከዚያ ወዲህ ፕሮቲን እንደ ጽሑፍ መታየት ጀመረ። ጽሑፍ ደግሞ አንባቢ ይፈልጋል።

አንባቢዋ ከወደ ኬሚስትሪ መጣች። በ1925 ፊላደልፊያ የተወለደችው ማርጋሬት ዴይሆፍ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ስትሠራ፣ የሞለኪውሎችን ኃይል ያሰላችው በባለ ቀዳዳ ካርድ ማሽኖች ነበር። ያን ጊዜ ፕሮቲንን ለማንበብ ቆራርጦ ቁርጥራጩን ማንበብ፣ ከዚያም መልሶ መገጣጠም ያስፈልግ ነበር። የተቀዳደደ ደብዳቤ ገጣጥሞ እንደማንበብ ማለት ነው። በእጅ ሲሠራ ወራት ይበላል። ዴይሆፍና የሥራ ባልደረባዋ ሮበርት ሌድሊ በ1962 ይህን ግጥሚያ ለኮምፒውተር የሚያሠራ ፕሮግራም አቀረቡ።

በ1965 ደግሞ እሷና ባልደረቦቿ እስከዚያ የታወቁትን 65 ያህል ፕሮቲኖች በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አሳተሙ። ዛሬ 65 ፕሮቲን ቢባል ያስቃል። በጊዜው ግን በየመጽሔቱ ተበትኖ የነበረውን ሁሉ አንድ ቦታ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ኮምፒውተሩ ቦታ እንዳያጥረው ብላ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ አንድ የላቲን ፊደል ሰጠችው። የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተማሪዎች ዛሬም የሚጽፉት በዚያ አጻጻፍ ነው።

እኛን ከሁሉ በላይ የገረመን ግን ቀጥሎ ያነሳችው ጥያቄ ነው። ሁለት ፕሮቲኖች ቢመሳሰሉ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ አጋጣሚ ነው? ይህን በግምት መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ዴይሆፍና ጓደኞቿ በ71 የፕሮቲን ቤተሰቦች ውስጥ 1,572 ለውጦችን ቆጠሩ፤ የትኛው አሚኖ አሲድ በየትኛው እንደሚተካ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ በሠንጠረዥ አወጡ። ሥራው የታተመው በ1978 ነው። ከዚያ በኋላ «ይመሳሰላሉ» ማለት ብቻውን አልበቃም፤ «ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነ።

ታሪኩ ሁሉ ግን ድል አይደለም። መጽሐፉና የኮምፒውተር ቴፑ በገንዘብ ይሸጡ ነበር። ለሥራው የሚመደበው ገንዘብ አስተማማኝ ስላልነበረ ሽያጩ ወጪውን ይደጉም ነበር። መረጃቸውን በነጻ የሰጡ ተመራማሪዎች ግን መልሰው ሲገዙት ቅር አላቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ1982 ጄንባንክ የተባለውን ብሔራዊ የዲ.ኤን.ኤ. መረጃ ቋት ሲያቋቁም ሥራው ለእሷ ሳይሆን ለሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ተሰጠ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሎስ አላሞስ መረጃውን ለሁሉም ክፍት ለማድረግ ቃል መግባቱ ነበር። ዴይሆፍ በየካቲት 1983 በ57 ዓመቷ አረፈች።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ይህንን ነው። እሷ ባረፈችበት በዚያው ዓመት ራስል ዱሊትልና ባልደረቦቹ አንድ ጉድ አወጡ። በጦጣ ላይ ካንሰር የሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ፕሮቲን፣ በሰውነታችን ሕዋሳት እንዲባዙ ከሚያዝ ፕሮቲን ጋር በጣም ይመሳሰል ነበር። ካንሰር የጤናማ ዕድገትን ትእዛዝ ሰርቆ እንደሚሠራ የሚያሳይ ትልቅ ፍንጭ ነበር። ዝምድናው የተገኘው በማይክሮስኮፕ አይደለም። በኮምፒውተር ላይ ሁለት ረድፍ ፊደላትን በማነጻጸር ነው።

የፕሮቲኖችን ቅርጽ የያዘው ሌላው የመረጃ ቋትም በ1971 ሲከፈት የነበሩት ቅርጾች ሰባት ብቻ ነበሩ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ሰዎች አንድ በአንድ ጨመሩበት። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ የተማረው ከዚያ ክምችት ነው፤ በ2024ም ሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋሩ። ማሽኑ ከሰማይ አልወረደም ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይለናል? የራሳችን ጤፍ ጂኖም እንኳ በ2014 ታትሟል። ያንን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ በነጻ ሊከፍተው ይችላል። መብራትና ኔትወርክ እስካሉ ድረስ ማለታችን ነው! በሩ ተከፍቷል። የገባ ሰው ግን ማንበብ ካልቻለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደገባ መሃይም ነው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ሲታሰብ ስታቲስቲክስና የመረጃ ትንተና ጊዜ ሲተርፍ የሚጨመሩ ትምህርቶች ተደርገው ባይታዩ እንላለን። ሃንድአውት የሸመደደ ተማሪ ሃምሳ ስሞችን ያውቅ ይሆናል። ሁለት ረድፍ ፊደላት ፊቱ ተቀምጠው «ዘመድ ናቸው ወይስ አጋጣሚ?» ሲባል ግን የሚያድነው ሽምደዳው አይደለም። ፕሮግራሙ ያወጣውን ቁጥር አምኖ ከመገልበጥ በፊት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። ዴይሆፍ 1,572 ለውጦችን የቆጠረችው ለዚህ ነበር።

ባዮሎጂ የምትማሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ቁጥሩን አትፍሩት። ቸር ይግጠመን!