መንገዱ ሲዘጋ መዝገቡስ?

ጎጃም ተማሪ መቀበልን የለመደችው ዩኒቨርሲቲ ስለተከፈተላት አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ከየአገሩ ቅኔ ፈላጊ ሲጎርፍባቸው የኖሩ ደብሮች ናቸው። እዚያ ሬጅስትራር የሚባል ቢሮ አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ የመጣ ልጅ የኔታ ፊት ቀርቦ "ልማር" ካለ ተማሪ ነው። ኑሮው ቀላል ነበር ማለታችን አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ በውሻ እየተባረረ ነው የተማረው፤ ቤቱም በአመዛኙ የወንድ ልጅ ቤት ነበር። ግን ዘግይቶ ስለደረሰ ብቻ የሚመለስ አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የጎጃም ልጅ ትልቁ ፈተና ርቀት ሆነ። በ1902 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ የአገራቸውን የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ለዘመናዊው አዲስ አበባ መሄድ ነበረባቸው። በ1943 ዓ.ም የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ነበር። ባሕር ዳር በ1955 ፖሊ ቴክኒክ፣ በ1965 የፔዳጎጂ አካዳሚ አገኘች። የደብረ ማርቆስ ተራ የደረሰው በ1999 ዓ.ም ነው።

ግቢው ቀረበ። መግቢያውስ? ምደባው የሚወጣው ከትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የማርቆስ ልጅ ጂማ ሊደርሰው ይችላል። የማለፊያው ነጥብም ከበደ፦ በጥር 2015 ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በመስከረም 2018 በወጣው ደግሞ 8.4 በመቶ።

በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ መንገዶች ተደጋግመው ተዘጉ። በክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በ2016 ተማሪ ሳይጠሩ ወራት አለፉ። ጥሪው ሲመጣስ? ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዛችሁ በእነዚህ ሁለት ቀናት ተገኙ፤ ከቀኑ ውጪ የሚመጣ አይስተናገድም። ማስታወቂያው ኢንተርኔት ላይ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን አልነበረም። ቀኑ ሁለት ነው፤ መንገዱ ግን ለሳምንት ዝግ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?

በዚህ አገር የትምህርት ዓመት ሲታጠፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1967 ዓ.ም የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ ተማሪው ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር ወደ ገጠር ተላከ። ያኔ ግን የሁሉም ዓመት አብሮ ነው የቆመው። ዛሬ የሀዋሳው ሲመረቅ፣ በዕድሜ እኩያው የሆነው የማርቆስ ልጅ ገና ጥሪ ይጠብቃል። ለሥራ ሲወዳደሩ የዘገየበትን ምክንያት የሚጠይቀው የለም፤ የሚታየው የምረቃ ዓመቱ ነው።

ሰላም ማምጣት ከሬጅስትራር አቅም በላይ መሆኑ አይጠፋንም። የምዝገባ ቀን ማራዘም ግን በእጁ ነው። መንገድ ተዘግቶበት ለቀረ ተማሪ ዘግይቶ መመዝገብ በልመና የሚገኝ ውለታ ሳይሆን በደንብ የተጻፈ መብት ይሁን። ማስረጃው ከትምህርት ቤቱ ጋር የጠፋበትም ሌላ ማረጋገጫ ይፈለግለት። ጥሪው በሬዲዮም ይነገር፤ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይለጠፍ።

የኔታ ያለ መዝገብ የተቀበሉትን ልጅ፣ መዝገብ ያለው ግቢ በሁለት ቀን ሊመልሰው አይገባም።