የጨለማ ክፍል ቃላት በአማርኛ፦ «ማጠብ» የተባለው ቃል ታሪክና የትርጉም ችግሩ

ዛሬ ደጀን ከተማ ውስጥ በስልክ ያነሣውን ምስል በወረቀት ላይ ለማስወጣት ወደ ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው «ፎቶ ላሳጥብ ነው» ይላል። በዚያ ፎቶ ቤት ግን የሚታጠብ ነገር የለም፤ ምስሉ ከኮምፒዩተር ወደ ማተሚያ መሣሪያ ተላልፎ ውሃ ሳይነካው በጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ቃሉን የወለደው ሥራ ከአብዛኞቹ ፎቶ ቤቶች ጠፍቷል፤ ቃሉ ግን ሥራውን ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይኖራል። ይህ ጽሑፍ ቃሉ ከየት እንደ መነጨ፣ ምን ምን እንደ ያዘና ምን እንደ ሸፈነ ለመመርመር የቀረበ ነው። ጉዳዩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ስለ ሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ የተጻፈ ሥራ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይወጣ በዚህ ቃል ይሰናከላልና።

እንደሚታወቀው የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም በይፋ የተገለጠው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። የሙያውን ዋና ዋና ቃላት ካደረጁት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ሲሆን፣ «ፎቶግራፊ» የሚለውን ስያሜ በሊቃውንት ጉባኤ ያስተዋወቀ፣ «ኔጌቲቭ» እና «ፖዘቲቭ» የሚሉትንም ቃላት በሙያው ውስጥ ያስገባ እርሱ ነው። ይኸው ሰው ምስልን በወረቀት ላይ የሚያጸናውን ጨው የብር ውሁዶችን የማሟሟት ጠባይ ቀደም ብሎ በ1819 እ.ኤ.አ. ደርሶበት ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር ሥራውን የመረመረውና ስም ያወጣለት አንድ እጅ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ቃላቱም ከግሪክኛና ከላቲን ሥር ተመርጠው፣ ትርጓሜያቸው ተወስኖ የተሰጡ ናቸው።

በእኛ አገር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቷል፤ ይሁን እንጂ ሙያው ሥር የሰደደው ኋላ በአዲስ አበባ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ቀጥለዋል። ሙያው ከጌታ ወደ ረዳት በእጅ ሥራ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በአማርኛ መጽሐፍ የተማሩት አልነበረም። ረዳቱ የሚያየው ፊልሙና ወረቀቱ ከአንዱ ሳሕን ወደ ሌላው ሲገባ፣ በውሃ ሲለቀለቅ፣ በመጨረሻም እንደ ልብስ ተሰቅሎ ሲደርቅ ነው። «አጠበ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ቃሉ ከኬሚስትሪው ሳይሆን ከዓይን የተገኘ ነው።

የቀሩትም የሙያው ቃላት ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው። «ጉርድ ፎቶግራፍ» የአካሉ ግማሽ ተቆርጦ የቀረ መሆኑን፣ «ማሳደግ» ትንሹ ምስል ትልቅ መሆኑን፣ «ጨለማ ክፍል» ሥራው የሚሠራበትን ቤት በቀጥታ ይናገራሉ። «ማንሣት» ደግሞ በግእዝ «ነሥአ» ከሚለው ሥር ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የሚያስደንቀው ተገብሮው ነው፤ «ፎቶግራፍ ተነሣሁ» ባለ ጊዜ ባለ መልኩ ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል፤ አንሺው ከንግግሩ ይጠፋል። በአንጻሩ የሙያው ስም ሳይተረጐም ቀርቷል። በሥነ ሕይወት ትምህርት «ፎቶ» የሚለውን የግሪክኛ ሥር «ብርሃን» ብለን «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚል ስያሜ ስናበጅ፣ በፎቶግራፍ ግን ያንኑ ሥር እንዳለ ተቀብለነዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በመማሪያ መጽሐፍ በኩል ሲመጣ፣ ሁለተኛው በገበያ በኩል መጥቶ አስቀድሞ ቤተኛ ሆኗል።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። «ማጠብ» የተባለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ጠቅልሎ ይዟል። ብርሃን የነካው ፊልም በላዩ ምስል ቢኖረውም ምስሉ ለዓይን አይታይም። በመጀመሪያው ውሁድ ሲነከር ብርሃን የነካቸው የብር ጨው ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣሉ፤ ምስሉም ይወጣል። በሁለተኛው ውሁድ ብርሃን ያልነካው ጨው ሟሙቶ ይወገዳል፤ ምስሉም ከእንግዲህ ብርሃን ቢያገኘው የማይበላሽ ይሆናል። ሦስተኛው ሥራ ብቻ በእርግጥ መታጠብ ነው፤ የውሁዱ ቅሪት በንጹሕ ውሃ እስኪለቅ ድረስ ይታጠባል። ይህ የመጨረሻው ሥራ የተጓደለበት ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ይበልዛል። ስለዚህ ተርጓሚው ሦስቱንም «ማጠብ» ቢላቸው፣ አንባቢው የበለዘው ምስል በየትኛው ሥራ ጉድለት እንደ ተበላሸ ሊያውቅ አይችልም። ይህ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ሳይሆን የዕውቀት ጉድለት ነው።

በሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ ዘንድ ልዩነቱ ይበልጥ ይከብዳል። በ1888 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮዳክ ካሜራ 100 ምስል የሚይዝ ፊልም ተጐርሶበት ይሸጥ ነበር፤ ገዢው አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን ከነፊልሙ ለፋብሪካው ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ አንሺና አጣቢ ተለያዩ። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንድ ፊደል ይገልጸዋል፤ «አጠበ» እና «አሳጠበ»። ሠዓሊ የሆነ ፎቶግራፍ አንሺ ግን አያሳጥብም፤ ራሱ ያጥባል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ያበጀው የብርሃን ደረጃ ሥርዓት የተመሠረተው ማንሣትና ማጠብ የአንድ ሐሳብ ሁለት ክፍል በመሆናቸው ላይ ነው። ኔጌቲቩን ከተጻፈ የዜማ ምልክት፣ ወረቀቱን ከአዜያዜሙ ጋር ያነጻጽር ነበር። ስለዚህ «አሳጠበ» እና «አጠበ» በትርጉም ቢቀያየሩ የሠዓሊው ሥራ ግማሹ ለሌላ ሰው ተሰጠ ማለት ነው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የመሰሉ ዐውደ ርእዮች በአገራችን ስለ ተካሄዱ፣ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ትርጉም የሚያስፈልግበት ጊዜ ገና የሚመጣ ሳይሆን የመጣ ነው።

ለኔጌቲቭና ለፖዘቲቭ «ሰም» እና «ወርቅ» የሚሉትን ቃላት ለመስጠት የሚያስብ ሰው አይጠፋም፤ በተለይም ዲማንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ሐሳቡ በቀላሉ ይወደዳል። ነገር ግን አይስማማም። ሰሙ ለወርቁ ስፍራ ለቅቆ ቀልጦ ይፈሳል፤ ኔጌቲቭ ግን ሥራው ካለቀም በኋላ ይቀመጣል፤ ከአንዱም ብዙ ወረቀት ይወጣል። ከዚህም በላይ ኔጌቲቭ ምስጢር አይሰውርም፤ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ያሳያል እንጂ። ስለዚህ ሁለቱን የውጭ ቃላት እንዳሉ መያዝ ይሻላል።

የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን። «ማጠብ» ለሥራው ሁሉ የወል ስም ሆኖ ይጽና፤ ሕዝብ የሰጠውን መንጠቅ አይገባም። ከሥሩ ግን የመጀመሪያው ሥራ «መግለጥ»፣ ሁለተኛው «ማጽናት»፣ ሦስተኛው «ማለቅለቅ» ይባሉ። የኋለኛው ከልብስና ከዕቃ አጠባ የተወሰደ ሲሆን፣ ሳሙናው እንዲለቅ በንጹሕ ውሃ የሚደረገውን ሥራ ስለሚያመለክት ይስማማል። ከመገለጡ በፊት ያለው ምስል «ስውር ምስል» ሊባል ይችላል። ብርሃን ተቀባዩን ሽፋን የሚሸከመው ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ «ደጀን» ቢባል፣ ቃሉ ከኋላ የሚደግፍ መከታን ስለሚያመለክት ባዕድ አይሆንም። እንግሊዝኛው «በርኒንግ» የሚለውን ሥራ ግን «ማቃጠል» ማለት አይገባም፤ በፎቶ ቤት አነጋገር «ፊልሙ ተቃጠለ» ማለት ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ ማለት ነውና። «ብርሃን መጨመር» ይበቃል፤ ተቃራኒውም «ማጥላት» ይሁን።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሥራ አለ። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉት ከተሞች፣ በሌሎችም አውራጃዎች፣ በቀይ መብራት ሥር ወረቀት ያጠቡ ሰዎች ለየሳሕኑና ለየውሁዱ የራሳቸው አጠራር ሊኖራቸው ይገባል። የቃላት ሰብሳቢ ወደ እነርሱ ሲሄድ «ይህን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ባይጠይቅ ይመረጣል፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው ለጠያቂው የሚስማማ ቃል ፈጥሮ ይሰጣልና። ይልቁንስ አንድ ፊልም ከካሜራ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ደርቆ እስኪቆረጥ ድረስ ያለውን ሥራ በተራ እንዲያወሩ ማድረግና ቃሉን ከወሬው መልቀም ነው። እኛ ከዚህ በላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች ከእነርሱ ቃል ጋር ተመዝነው ቢወድቁ ቅር አንሰኝም።